የልጅ ልጄን ወንበር የያዝኩበት ቀን

«የልብስ ቅድ ካስተማርኳት ነገ ከፊት ለፊቴ ሱቅ ትከፍታለች» አለ ልጄ ከግድግዳው ወዲያ። ግድግዳ ማለቴ ለስሙ ነው፤ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሳል እንኳ አይከለክልም። ሚስቱ «ባዕድ አይደለችም እኮ፣ የእህትህ ልጅ ናት» ስትለው፣ ምላጩን ውሃ ውስጥ እያንቀጫቀጨ «ባዕድ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ባዕድ ያፍራል። ቁልፏን ትትከል፣ ትዘምዝም፤ ሲሰለቻት ታገባለች» አላት። እኔ ከወዲህ በኩል የአልጋዬ ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ካልሲዬን በግማሽ እግሬ ይዤ ቀረሁ። የልጅ ልጄ መስኮቱ ሥር ቆማ መቀሷን በፎጣ እየጠቀለለች ነበር። ሰምታለች። መስማቷን ያወቅሁት ጠቅልላ ከጨረሰች በኋላ ፈትታ እንደገና ስለጠቀለለችው ነው። ተያየን። እኛ ቤት እንዲህ ነው፤ ኮምፔንሳቶው ያሰማንን ሁሉ አልሰማንም ብለን ነው የምንኖረው።

ልጄ ልብስ ሰፊ ነው፤ ኮትና ሱሪ፣ ደንብ ልብስም ይሠራል። በእሱ መንገድ ያሉ ሰፊዎች ሁሉ ጨርቅ የሚቆርጡት መጋረጃ ጋርደው ነው። ጠመኔ የነካው ጨርቅ ለሠራተኛ ዓይን አይታይም፤ ተቆርጦ፣ ምልክቱ ተራግፎ፣ እንደ ማገዶ ታስሮ ነው ወደ ስፌት መኪናዎቹ የሚወጣው። የልጅ ልጄ ትምህርቷን ከጨረሰች ጀምሮ ከመጋረጃው ወዲህ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ሌላዋ ብትሆን ቁጭ ብላ ቀኗን ትጠብቅ ነበር። ይቺ ግን ከልባሽ ተራ አሮጌ ኮት እየገዛች ታመጣና በእረፍት ቀኗ መሬት ላይ አንጥፋ ትተረትረዋለች። እጅጌው ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፤ ክፍላችን ሰው የተገነጣጠለበት ይመስላል። እኔም መርፌ እንዳይወጋኝ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ እሄዳለሁ። «ከዚህ ከሙታን ልብስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ስላት፣ «እማማ፣ ምን እንዳቆመው እያየሁ ነው» ትለኛለች።

አይታ አይታ ለራሷ ሰደርያ ቆረጠች። ከዚያ ያንን ሰደርያ ለብሳ በምሳ ሰዓት ከስፌት ቤት ስፌት ቤት እየገባች «ይህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የቆራጭ ረዳት ትፈልጋላችሁ?» ስትል ከረመች። ስሰማ ራሴን ነው የያዝኩት። ሥራ ያለው ሰው ደሞ ሥራ ይፈልጋል? ሳይጠሩት የሰው ደጅ የሚመታ ምን ይባላል? አንዱ «አጎትሽን አውቀዋለሁ» ብሎ መለሳት። አንዱ ሰደርያውን ካልሸጥሽልኝ ብሎ ያዛት። ሌላው ሻይ ጋብዟት ስለ ክር ዋጋ መወደድ ሲያማርር ቆየና፣ ሻዩ ሲያልቅ ነገሩም አለቀ። በመጨረሻ ከፋርማሲው በላይ ያለው ስፌት ቤት ባለቤት «ነይና ኮት ቆርጠሽ አሳይኝ» አለቻት። ባለቤቷ ሴት ናት፤ ሴት መሆኗን ደጋግሜ ጠይቄ ነው ያረጋገጥኩት። የቀጠረቻትም ለዛሬ ነው።

አጎቷን ፈቃድ ጠይቃዋለች። ባለፈው ሳምንት «የዛሬ ሳምንት ጉዳይ አለኝ፣ አልገባም» ብላዋለች፤ እሱም ከስልኩ ቀና ሳይል «እሺ» ብሏል፤ እኔ ምስክር ነኝ። አሁን ግን ሸሚዙን እየቆለፈ በራችን ላይ መጥቶ ቆመና «የሆቴሉ ደንብ ልብስ ዛሬ ነው የሚወሰደው። ዛሬ የቀረ ሰው ነገም እዚያው ይቅር» አለ። ለማን እንደሚናገር አልለየም፤ ሲናገርም ቁም ሣጥኑን ነው ያየው። ተመልሶ ሲሄድ የልጅ ልጄ ሰደርያዋን ማውለቅ ጀመረች።

እኔ እንዲያው ደፋር ሰው አይደለሁም። ምድጃውን ዘግቼ ከደጅ ተመልሼ አይቼው እሄዳለሁ። መንገድ ስሻገር መኪና ሁሉ እኔን ብሎ የመጣ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር ሰደርያውን ስታወልቅ ሳይ ሆዴ «እሰይ፣ እንኳንም ቀረች» ብሎ ነበር። የሰው ቤት የሰው ነው፤ የአጎቷ ቤት ቢቆረቁርም የሥጋ ዘመድ ያለበት ነው። እናቷ በሌላ ከተማ ሆና አደራዋን በእኔ ላይ ጥላለች። ግን ያ «ሲሰለቻት ታገባለች» ያለው ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወርድ አለኝ።

«መልሰሽ ልበሺው» አልኳት። «ሂጂ።»

«ቁልፉስ? ያባርረኛል እኮ እማማ።»

«ወንበሩ ባዶ ካልሆነ ማን ቀረ ይባላል? እኔ እቀመጥበታለሁ።»

«አንቺ? መነጽርሽ አንድ እጁ በክር የታሰረ ነው እኮ!»

«ማን ያሰረው ይመስልሻል? ይኸው ሙያ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ውስጥ ተመለሰ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩ። መቀሱን ጫፉን ወደ ታች አድርጊው፣ ታክሲ ውስጥ በር አጠገብ አትቀመጪ፣ ደረጃው ጨለማ ከሆነ ድምፅ አሰምተሽ ውጪ፣ ሴትዮዋ ብትቆጣ አፍ አትመልሺ፣ ብትሰድብሽ ግን መልሺ፤ ይህን ሁሉ እስከ መንገዱ ማዕዘን ድረስ እየተከተልኩ ነገርኳት። እሷም «እሺ እማማ፣ እሺ እማማ» እያለች ከዓይኔ ጠፋች።

የልጄ ስፌት ቤት ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ግራና ቀኝ መኪናዎቹ ተደርድረዋል፤ በስተኋላ የካውያው ጠረጴዛ አለ፤ ከእሱ አጠገብ ያ ከላይ እስከ ታች የተዘጋ ቡናማ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። እንፋሎቱ ከእርጥብ ሱፍ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ይይዛል። የልጅ ልጄ ዱካ ከበሩ ኋላ ናት፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጉልበት ይመታል። ቤት ስትገባ ጉልበቷን የምታሸው ለምን እንደሆነ የገባኝ ተቀምጬ ከተመታሁ በኋላ ነው። በመኪናው የሚሰፋው ጎልማሳ፣ አፉ ስለማያርፍ ሬዲዮ ነው የሚሉት፣ አየኝና «እማማ፣ አዲስ ቅጥር ነዎት? ደመወዝ ተነጋግረዋል?» አለኝ። «አንተ ዝም ብለህ እርገጥ» አልኩት።

ልጄ ከመጋረጃው ኋላ ጠመኔ የነካ እጁን እያራገፈ ወጣ። ሲያየኝ ፊቱ ገረጣ። «እማዬ! ቤት ምን ሆነ?»

«ቤት ደህና ነው። ክር ስጡኝ።»

«እሷስ?»

«ባለፈው ሳምንት ፈቅደህላት የለ? ሄደች። ቦታዋን እኔ ይዣለሁ።»

ወደ ሠራተኞቹ አየ፣ ወደ እኔ አየ። እናት በሰው ፊት ከዱካ ላይ ተጎትታ አትነሳም። ከንፈሩን ነክሶ የቁልፉን ቆርቆሮ ከፊቴ አስቀመጠና ተመልሶ ገባ። የሆቴሉ ኮት ቁልፍ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ነው፤ ከፊት በሁለት ረድፍ ይወርዳል፤ እጅጌው ጫፍ ላይ ደግሞ ማስገቢያ ቀዳዳ የሌላቸው ትንንሾች አሉ። «እነዚህ ምን ይቆልፋሉ?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሬዲዮ «የአስተናጋጁን ደመወዝ» አለኝ። ቀስ እያልኩ ጀመርኩ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሳሾልክ ዓይኔ ያስቸግረኛል እንጂ ከገባ በኋላ እጄ ራሱ ያውቃል።

ረፋዱ ላይ አንድ ወፍራም ደንበኛ የጠበበውን ሱሪ ሊያሰፋ ገባ፤ በሩም እኔን መታኝ። ልጄ ሱሪውን ገልብጦ ውስጡን እያሳየ «አይዞህ፣ ትርፍ አለው። እኔ ቤት ለስፌት ሁለት ጣት ነው የሚተወው። ሰው ይወፍራል እንጂ አይከሳም» አለው፤ ይህን ለደንበኛ ሁሉ ይላል። ሰውየው በዚህ ኑሮ ውድነት መወፈሩ እንደሚያሳፍረው፣ ሚስቱም ዳቦ እንደቆለፈችበት እያወራ ሳለ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «እናትህ ናቸው? በዚህ ዕድሜያቸው?» ልጄ ቸኩሎ «ልትጠይቀኝ መጥታ ነው፤ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም» አለ።

«ልጠይቀው አይደለም የመጣሁት» አልኩ ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ። «በሰው ፈንታ ገብቼ ነው።»

«የቦታው ባለቤትስ የት ሄደች?» አለ ሰውየው እየሳቀ።

«ቅድ ፍለጋ።»

ሬዲዮ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። ካውያ የሚተኩሰው ሽማግሌ ብቻ ምንም እንዳልሰማ መተኮሱን ቀጠለ። ደንበኛው አንድ ነገር እንደነካ ገብቶት ሱሪውን ጥሎ «በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ልጄ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ በአገጩ ጠራኝ።

ከመጋረጃው ኋላ ምን አገኛለሁ ብዬ እንደጠበቅሁ እንጃ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠመኔ፣ ሜትር፣ በሚስማር የተንጠለጠለ ካርቶን። አምፖሉ እንኳ ከእኛ በኩል ካለው የደከመ ነው። «ይኸው ነው?» አልኩ ሳላስበው።

«የት ነው የላክሻት?» አለኝ ድምፁን አፍኖ።

«እኔ አልላክኋትም። እግሯ ነው የወሰዳት፤ ከፋርማሲው በላይ።»

የጨርቅ ጥቅል ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «እዚያች ሴትዮ ጋ? ደንበኞቼን አንድ በአንድ የለቀመችብኝ ሴትዮ ጋ? እኔን ማን አስተማረኝ? የአለቃዬን ቤት ስጠርግ ኖሬ በመጋረጃ ቀዳዳ ነው የሰረቅሁት። ሙያ በልመና ተገኝቶ አያውቅም።»

«እሷ መቼ ለመነችህ? በቀዳዳም አላየችህም። ከልባሽ ኮት ነው የተማረችው። ያናደደህ እሱ ነው?»

ጠመኔውን አንስቶ መልሶ ጣለው። ከመጋረጃው ወዲያ መኪናዎቹ አንድ በአንድ መሥራት ጀመሩ፤ የሠራተኞቹ ጆሮ ግን እኛ ጋ እንደነበረ አውቃለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን እደብቃለሁ ብዬ «ያ ግድግዳ ስስ ነው፤ ጠዋት ያልከውን ሰምተንሃል። እሷም ሰምታለች» አልኩት። ጆሮው ቀላ። ሕፃን ሆኖም ሲያፍር ፊቱ ሳይሆን ጆሮው ነበር የሚቀላው። «አንቺም እኮ ከአጠገባችን እንድትርቅ አትፈልጊም» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

«አልፈልግም» አልኩት። «አሁንም ልቤ መንገድ ላይ ነው፤ ተሻገረች አልተሻገረች እያልኩ ነው። ግን እኔ የምፈልገው ቅርብ እንድትሆን ነው፤ አንተ የምትፈልገው ዝቅ እንድትል። አታምታታብኝ።»

ተመልሼ ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ ይብሉ ቢሉኝ እንቢ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ሐሳብ ገደለኝ። በመስኮቱ ጫማ ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ። መቀሱ ቢወጋትስ? ሴትዮዋ ለማላገጥ ቀጥራት ቢሆንስ? አጎቷን ለማናደድ ብላ ቢሆንስ? ደግሞ ያንን እንቁላል አልበላችው ይሆናል፤ ሥራ ከያዘች ሆድ እንዳላት ትረሳለች። ጣቴን ተወጋሁና ደሜን በቀሚሴ ጠረግሁ። ካውያ የሚተኩሰው ሽማግሌ አንድም ቃል ሳይናገር በብርጭቆ ውሃ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ። ልጄ ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ እየወጣ የተከልኳቸውን ቁልፎች ሳብ ሳብ እያደረገ ያያል፤ አንዱ እንኳ አልተነቀለለትም። የሆቴሉ ሰው መጥቶ ልብሱን ተረክቦ ጭኖ ሲሄድ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና ገባች። ፀጉሯ ላይ ክር፣ አገጯ ላይ ጠመኔ። ሁላችንም እሷን ማየታችንን እንዳታይ አንድ አንድ ነገር ያዝን፤ እኔ ባዶውን የቁልፍ ቆርቆሮ ያዝኩ።

«አበላሸሁት» አለች።

ማንም ስላልጠየቃት ራሷ ቀጠለች። «ቆረጥኩ። የነሱ ሰፊ ሰፋው። ሴትዮዋ ስትለብሰው ሁለት ሰው ያስገባል። እነሱ ለስፌት አንድ ጣት ነው የሚተዉት፤ እኔ ሁለት ተውኩ። እዚህ ሁለት ስለሆነ የዓለም ሰፊ ሁሉ ሁለት መሰለኝ። ስንት ነው ብዬ አልጠየቅሁም።»

ሬዲዮ «በይ ድንኳን ሰፍተሽ ነው የመጣሽው!» ብሎ ፈነዳ። ልጄም ሳቀ፤ ቀኑን ሙሉ ሳይስቅ ውሎ። ሳቁ ክፋት አልነበረውም፤ እንዲያውም ያቺ የእሱ ሁለት ጣት ሰው ቤት ድረስ መሄዷ ያኮራው መሰለኝ። «በይ ግድ የለም» አለ ለስለስ ብሎ። «አልፏል። ሆቴሉም ተረክቧል። እማዬ፣ ተነሺላት፤ ትቀመጥ።»

አልተነሳሁም። ለምን እንዳልተነሳሁ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ አልመልስም፤ ዱካዋን በሁለት እጄ ግራና ቀኝ ያዝኳት።

«አልጨረስኩም እኮ ጋሼ» አለች የልጅ ልጄ። «ሴትዮዋ ሳትናገር እኔ ቀድሜ አውልቂው አልኳት። ተረተርኩት። መተርተር እንደሆነ ማንም አይቀድመኝም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በፊታቸው እንደገና ቆረጥኩት። የእነሱ ቆራጭ ሴት አጠገቤ ቆማ ነበር፤ እዚያ መጋረጃ የለም። ሲሰፋ ልክ መጣ። ትከሻው ትንሽ አኩርፏል እንጂ።»

«እና?» ያልኩት እኔ ነኝ።

«ነገ ጠዋት ግቢ አለችኝ። የቆራጯ ረዳት። መጀመሪያ ላይ ደመወዙ ከዚህ ያንሳል። እስከ መቼ እንደሚያንስ፣ መቼ ብቻዬን እንደምቆርጥ ጠይቄ፣ መልሱን ከሰማሁ በኋላ ነው እሺ ያልኩት። ሳይጠይቁ መቁረጥን ዛሬ አይቼዋለሁ።»

ልጄ ሄዶ መጋረጃውን በእጁ ያዘና ወደ ጎን ሳበው። ቀለበቶቹ ዝገት ይዟቸው ኖሮ ተንጫጩ፤ ሠራተኞቹ ያንን ጠረጴዛ ከመቀመጫቸው ሆነው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው፤ ሬዲዮ አንገቱን እንደ ዝይ አስረዘመ። «ነገ እዚህ ከእኔ ጋር ቁሚ» አላት። «አስተምርሻለሁ። ደመወዝሽም አይነካም። የገዛ ዘመድ እያለሽ የሰው ደረጃ ምን ያስወጣሻል?»

የተመኘሁት ሁሉ ይኸው መጣ። ቅርብ፣ ከሥጋ ዘመዷ ጋር፣ ደመወዟ ሳይነካ፣ ታክሲ የለ፣ ጨለማ ደረጃ የለ። ሆዴ «እሺ በዪው፣ እሺ በዪው» እያለ ይጮኻል። እሷ ደግሞ እሱን ትታ እኔን ነው የምታየኝ። አንድ ቃል ብተነፍስ ትቀራለች፤ አውቃታለሁ፤ ለእኔ ስትል ትቀራለች። እኔም ለራሴ ስል አስቀራታለሁ። መርፌውን ከደረቴ ላይ ነቀልኩና መሰኪያው ላይ ሰካሁት።

«እኔን ምን ታይኛለሽ?» አልኳት። «ቆራጭ ነኝ እንዴ?»

ወደ አጎቷ ዞረች። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መጋረጃውን ግን አትመልሰው፤ ከእኔ በኋላ ለምትመጣው ተውላት።»

አልተቆጣም፤ አልመረቃትምም። በአንድ እጁ መጋረጃውን እንደያዘ ቀረ። ብድግ ስል ካውያ የሚተኩሰው ሽማግሌ ክንዴን ደገፈኝ። ልጄ በመጨረሻ መጋረጃውን ለቀቀና መጥቶ በሩን ያዘልን። «እራት ላይ እንገናኛለን» አለ፤ ለማን እንዳለ አልለየም፤ ግን በዚህ ጊዜ ዓይኑ እሷ ላይ ነበር።

መንገድ ላይ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አፌ ተከፈተ። እንቁላሉን በልተሽዋል? ደረጃው መደገፊያ አለው? ቆራጯ ባል አላት? መቀሱን የት ነው የምታስቀምጪው? ውሃው ይጠጣል? ለሁሉም መለሰችልኝ። ስትመልስልኝ ጭራሽ ባሰብኝ፤ ጠዋት ብቻዋን ስትገባ ታየኝና እጇን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። «የመጀመሪያ ቀን ነው። አላስቸግርም፤ ጥግ ይዤ ቁጭ እላለሁ።»

«እማማ፣ እዚያ ወንበር የለም። ቆራጭ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚሠራው።»

«ወንበር ማን ጠየቀሽ?» አልኳት። «እቆማለሁ።»